«ፎርጅድ ነው» የተባለው የአባቴ አቶማይዘር

ለምትወዱት ሰው ርካሽ ዕቃ ገዝታችሁ፣ ዕቃው ገና ከመጀመሪያው ሲያስቸግር፣ ማንም ቀርቦ ሳያየው «ፎርጅድ እኮ ነው» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ሳይፈቱት፣ ሳይነኩት፣ ምኑ ላይ እንደተበላሸ እንኳ ሳይጠይቁ? እኔ ተብያለሁ። አሁንም ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ነገሩ ከመሃል ከተጀመረ ስለማይገባ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሲያትል ደቡብ በኩል ባለ አንድ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። የምኖረው ሬንተን ከእናቴና ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ይሠራል። አባቴ ሲጋራ ያጨሳል። ይህችን ዐረፍተ ነገር አፍ አውጥቼ የተናገርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የማትነገር ዐረፍተ ነገር ነበረች። አባቴ ማጨስ ሲፈልግ ቆሻሻ ሊጥል ይወጣል። ከረጢቱ ውስጥ አንድ የሙዝ ልጣጭ ብቻ ቢኖርም ያንን ቋጥሮ ወደ ታች ይወርዳል። ዝናብም ቢሆን ይወርዳል። ከዚያ ማስቲካ እያኘከ ይመለስና እጁን በሳሙና ይታጠባል። እናቴ ዝም፣ እኔም ዝም። እሱ ለልጁ ክብር ብሎ ይደበቃል፣ እኔ ለአባቴ ክብር ብዬ አላየሁም እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስኖር አፉ ላይ ሲጋራ አይቼ አላውቅም። የመኪና ረዳት ሆኖ አገር ካዞረበት ወጣትነቱ ጀምሮ ሲያጨስ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ።

ባለፈው ክረምት ሳሉ አልለቅ አለው። ሐኪም ቤት አብሬው ገባሁ። ሐኪሟ የሳንባውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አሳየችን፤ በዚሁ ከቀጠለ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ሰክቶ ቤት እንደሚውልና መንዳትም እንደሚቀር ነገረችው። እኔ ማስተርጎም አላስፈለገኝም፣ በደንብ ገብቶታል። ቤት ደርሰን ፓርክ ካደረገ በኋላ መሪውን እንደያዘ፣ «ቱቦ ሰክቼ ማን ነው መኪናዬ ውስጥ የሚገባው?» አለኝ። በአባቴና በእኔ መካከል ስለ ሲጋራ የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ሲጋራ የሚለው ስም ግን እዚያም ውስጥ የለበትም።

ሲጋራ ለማስተው ክንድ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፕላስተር ሞከረ፤ ቆዳውን አሳከከው። የኒኮቲኑን ማስቲካ ሞከረ፤ ጥርሱ አልቻለውም። ሐኪሟ በቀጣዩ ቀጠሮ እንዲህ አለች፤ ቬፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራው፣ ጥሩ ነገር ነው አልልም፣ ሲጋራውን ግን ጨርሶ የሚያስጥለው ከሆነ፣ ኋላም እሱን ራሱን ቀስ በቀስ የሚያቆም ከሆነ፣ ከሲጋራው ይሻለዋል። እኔ ሁለተኛውን አጋማሽ አጥብቄ ያዝኩ። ቀስ በቀስ ማቆም ዕቅድ ይጠይቃል፣ ዕቅድ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

ተጠቅመው የሚጥሉትን፣ የከረሜላ ቀለም ያለውን ቬፕ ልገዛለት አልፈለግኩም። ያንን ዕቃ ከተማሪዎቼ እጅ ነው የምቀማው። መጸዳጃ ቤቱ ማንጎ ማንጎ ሲሸት ማን ውስጥ እንዳለ ጫማውን አይቼ አውቃለሁ። ከልጅ እጅ የነጠቅኩትን ለአባቴ እጅ መስጠት አይዋጥልኝም። በዚያ ላይ ኒኮቲኑ መጠኑ ተወስኖ የተሞላ ነው፣ እንደ ልብ መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ አንብቤ፣ ቪዲዮ አይቼ፣ ፈትተው መልሰው የሚሠሩትን፣ አቶማይዘር የሚባለውን አገኘሁ።

ምን እንደሆነ ላስረዳ። አቶማይዘር ባትሪው አናት ላይ የሚጠመዘዝ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ የብረትና የመስታወት ዕቃ ነው። ወለሉ ላይ ሁለት አጫጭር ምሰሶዎች አሉ። ቀጭን ሽቦ እንደ እስክሪብቶ ሞላ ጠቅልላችሁ፣ ሁለቱን ጫፎች በትንንሽ ብሎን ምሰሶዎቹ ላይ ታስራላችሁ። በጥቅልሉ ውስጥ ጥጥ ታሳልፋላችሁ፤ የጥጡ ጫፎች ወደ ፈሳሹ ይወርዳሉ። ባትሪው ሽቦውን ሲያግለው ጥጡ የጠጣው ፈሳሽ ይተናል። ከታች በጎን በኩል የአየር ቀዳዳዎች አሉ፤ ሰውየው ሲስብ አየር በእነሱ ይገባና በጥቅልሉ ሥር አልፎ እንፋሎቱን ይዞ ወደ አፍ ይወጣል። ጥጡ ሲያርር ጥጡን መቀየር ነው፣ ዕቃው አይጣልም። የፈሳሹን ጉልበት ደግሞ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። በዚህ ወር ይሄን ያህል፣ በሚቀጥለው ከዚያ ያነሰ፣ እያለ እስከ ባዶ ይወርዳል።

እኔ የፈለግኩት እንደ ሲጋራ ጠበብ አድርጎ የሚሳበውን ዓይነት ነበር። ሲያትል ውስጥ አንድ ሱቅ ዋናውን፣ ኦሪጅናሉን አሳየኝ፤ አውሮፓ ያለ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ የሚሠራው ነው። ዋጋውን ስሰማ የክፍሌ የመማሪያ ዕቃ በሙሉ ትዝ አለኝ። እሱም ቢሆን ለማሳያ የቀረው አንዱ ብቻ ነበር። ቡሪየን ያለ ሌላ ሱቅ ግን ከመስታወቱ ሣጥን ታችኛ መደርደሪያ ላይ ቁርጥ እሱኑ የመሰለ አወጣልኝ፣ ዋጋው ከዋናው ጋር አይወዳደርም። ሻጩ አልዋሸኝም። «ክሎን ነው» አለኝ፣ ኮፒ ነው ማለቱ። ሰዓትና ጫማ ሲገዛ «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ሐበሻ የለምና እኔም ጠየቅኩ፣ እሱም መለሰ። ገዛሁት።

ቤት ገብቼ ስከፍተው መጀመሪያ የተናደድኩት በሠሪዎቹ ነው። ቅርጹን ቢቀዱ እሺ፣ ርካሽ ሊሠሩ ፈልገው ነው ልበል። የሌላውን ሰው ማህተም ግን ሥሩ ላይ ቀርጸውበታል። ማህተሙም ይቅር፣ ዋናው ወርክሾፕ ለአንዷ ዕቃ የሰጣትን መለያ ቁጥር እንዳለ ቀድተዋል። በዓለም ላይ ስንት ሺህ ሰው ያንኑ ቁጥር ይዞ እንደሚዞር አስቡት። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ የጓደኛውን ፈተና ሲገለብጥ የጓደኛውን ስም ጭምር ገልብጦ አስረከበኝ። እሱን ሳስታውስ ይስቀኛል፣ ልጅ ነውና። እነዚህ ግን አዋቂዎች ናቸው። ደግሞ ሁሉን ሲቀዱ አንድ ነገር ትተዋል፤ የአጠቃቀም መመሪያዋን ወረቀት። ብረቱን፣ መስታወቱን፣ ሣጥኑን፣ ማህተሙን ቀዱ፣ ማስረዳቱን ተዉት። ለአስተማሪ ከዚህ የባሰ ስድብ አለ?

የሆነ ሆኖ ሥራዬን ሠራሁ። ከፋብሪካ የማሽን ዘይት ተለጥፎበት ስለሚመጣ ሁሉንም ፈትቼ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጠብኩት። ብሎኖቹ ለስላሳ ነበሩ፤ በትንሿ ካቻቢቴ ጠበቅ ሳደርግ የአንዱ አናት ሊላጥ ምንም አልቀረው። ፈሳሹ እንዳያልፍ ከሚከለክሉት የጎማ ቀለበቶች አንዱ ጎሚኒ ሳስገባው ተቆረጠ፣ በትርፉ ተካሁት። ሽቦውን ጠቅልዬ አሰርኩ፣ ጥጡን አሳለፍኩ፣ ኒኮቲን የሌለው ፈሳሽ ሞልቼ እኔው አፌ ድረስ ብቻ ስቤ ሞከርኩት። አላንጠባጠበም፣ አልተንጣጣም። ንጹሕ እንፋሎት ሰጠኝ።

ከዚያ አባቴን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አስተማርኩት። ሥዕል ሠርቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩለት፣ ፈሳሹን በሰማያዊ፣ አየሩን በቀይ። የት እንደሚሞላ፣ የትኛውን እንደሚጫን፣ መቼ እንደሚስብ፣ ሁሉን አንድ በአንድ ነገርኩት። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ጨዋ ተማሪ አዳመጠኝ።

«ገባኝ፣ እናቴ» አለ።

እስኪ ሞክረው አልኩት። ኋላ ይደርሳል አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የቆሻሻውን ከረጢት ሲቋጥር ሰማሁ፤ አቶማይዘሩም ከጠረጴዛው ላይ አብሮት ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅኩት ከእሱ አፍ አይደለም። ልብስ ሳጥብ የሸሚዙ ኪስ በፈሳሽ ረጥቦ አገኘሁ። በሌላው ቀን ሱሪው። አቶማይዘሩን ለጽዳት ሲያመጣልኝ ከነባትሪው የሚንጠባጠብ ሆኗል። ምነው ስለው ደኅና ነው ይላል። ይሠራል? ይሠራል። ያንጠባጥባል እንዴ? ኸረ ምንም አይል። ይህን ሁሉ ሲመልስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ውኃ በላይ በላዩ ይጠጣል። ፈትቼ ጥጡን ቀየርኩ። ያንጠባጥባል። ጥጡን ወፈር አደረግኩ። ያንጠባጥባል። ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀየርኩ። እኔ ስሞክረው እንደ ሰዓት ይሠራል፣ እሱ ይዞት ወጥቶ ሲመለስ የተነከረ ጨርቅ ይመስላል።

አንድ ሰው ቢያየው ብዬ ዋናውን ወደሚሸጠው የሲያትሉ ሱቅ ወሰድኩት። ሻጩ ገና ከቦርሳዬ ሳወጣው ፊቱ በራ፣ ሥሩን ገልብጦ ካየ በኋላ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደ ሞተ በረሮ አስቀመጠው። ክሎን አንነካም አለኝ። እንዲነካው አልጠየቅኩትም፤ ችግሩን ሰምቶ ሐሳብ እንዲሰጠኝ ነው። አባቴ ሲይዘው ያንጠባጥባል ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩም። ክሎን ስለሆነ ነው፣ ዋናውን ግዢ አለኝ። እኔ ስስበው ለምን አያንጠባጥብም ብዬ ጠየቅኩት። ክሎን ስለሆነ ነው አለኝ። ተማሪ ለሁሉም ጥያቄ አንድ መልስ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው። «ክሎን» የሚለው ቃል ለምን የሚለውን ጥያቄ አይመልስም፤ ጥያቄውን ያባርረዋል እንጂ። ዕቃዬን አንስቼ ወጣሁ፣ ባቡር እስክሳፈር ድረስ ለብቻዬ እየተከራከርኩ።

ያን ቅዳሜ አባቴ ፈሳሹን ረስቶ ስለወጣ ይዤለት ሄድኩ። ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ግቢ ኤርፖርቱ አጠገብ አለ፤ ሎቱ ይሉታል። ስልካቸው ተራቸውን እስኪጠራ መኪናቸውን ደርድረው እዚያ ነው የሚውሉት። ዝናቡ ስለተወ ወጥተው ቆመዋል። ከመካከላቸው የአባቴን የቅርብ ጓደኛ አየኋቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፣ አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ ቲቸር ይሉኛል።

«ሶ፣ ቲቸር፣ ለአባትሽ የኪስ ሺሻ ገዛሽለት አሉ» አሉኝ።

ሺሻ እንዳልሆነ ላስረዳቸው ጀመርኩ። መዳፋቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ክላስ አትጀምሪብን። ፎርጅድ መሆኑን ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«በይ እንግዲህ። ጫማ ፎርጅድ ይገዛል፣ ሰዓትም ይገዛል። አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ፎርጅድ ይገዛል? ሰውዬው እኮ መተንፈስ አቃተው፣ ቀኑን ሙሉ ሲተፋ ነው የሚውለው።» ከዚያ የሲጋራ ፓኬት ያለበትን የጃኬታቸውን ኪስ መታ መታ አደረጉ። «ይቺኛዋ ግን ኦሪጅናል ናት።»

ሌሎቹ ሳቁ። ጥያቄያቸው የማይረባ ጥያቄ አልነበረም፤ አፍ ውስጥ ስለሚገባ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። የሚያናድደው ለመልሱ ቦታ አለመስጠታቸው ነው። ከዚያ በላይ ያቃጠለኝ ግን ከጀርባቸው ያየሁት ነው። አባቴ የመኪናውን በር ከፍቶ ተደግፎ ቆሟል። ሲያየኝ ቀኝ እጁን ጨበጠና ወደ ኋላው አደረገ።

ጠጋ ብዬ ሰላም አልኩት። በግራው ጨበጠኝ። ሽታ የለም። መኪናው ውስጥ እንግባ አልኩትና በሌላው በር ገብቼ ተቀመጥኩ። ሲገባ ጨብጦ የያዘውን ሲጋራ ዳሽቦርዱ ላይ አኖረው፤ አልተለኮሰም። ከመንገድ እንዳነሳው ሳንቲም ተራ አስመስሎ ነው ያኖረው።

«አላጨስኩም» አለ፣ ሳልጠይቀው። «ሰጠኝ፣ ያዝኩት።»

«ልታጨሰው ነበር?»

መስታወቱን አየ። «ምን ላድርግ ታዲያ።»

የሐኪሟ ስክሪን፣ ቱቦው፣ ሁሉም እዚያች ሲጋራ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ወራት የለፋንበት ነገር አንድ ክብሪት ርቀት ላይ ተቀምጧል። የተናደድኩት በእሱ አልነበረም። በዚያ ሱቅ ሻጭ ነበር፣ በሣቂዎቹ ነበር፣ ሥሩን ገልብጦ ማህተም እያነበበ ውስጡን በማያየው ሁሉ ነበር። ግን ንዴት ጥጥ አይቀይርም። ተማሪ ሒሳብ ሲሳሳት ምን አደርጋለሁ? እፊቴ ሥራው እለዋለሁ። የትኛው መስመር ላይ እንደሳተ የሚታየው ሲሠራ ነው። አባቴን ግን ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ማንም አላየውም። አስተምሬ፣ ሥዕል ለጥፌ፣ ጥጥ ቀያይሬ፣ አንዷን ዋና ነገር አላየሁም፤ ማየትም አይቻልም ነበር፣ ምክንያቱም በቤታችን ሕግ የማይታይ ነገር ነው።

«አባዬ፣ አሁን እዚሁ ሳበው» አልኩት።

«የቱን?»

«አቶማይዘሩን። እኔ ልየው።»

«አንቺ ፊት?» ድንጋጤው የእውነት ነበር። «ኸረ ነውር ነው።»

«ሐኪሟ ፊት ሸሚዝህን አውልቀህ የለም እንዴ? እኔንም እንደ ሐኪሟ ቁጠረኝ።»

«ሐኪሟን አልወለድኳትም።»

ትክክል ነው። ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ተራው እየቀረበ መሆኑን ያሳያል፤ ከተጠራ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ሲጋራዋም አብራው ትሄዳለች። እንግዲያው ወደዚያ ዙሪ አለኝ። ከዞርኩ ምን አያለሁ አልኩት። በመጨረሻ እሱ ራሱ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ከኪሱ አወጣው። እኔም በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። ነውር ከሆነ ነውሩ የእኔ ይሁን ብዬ ነው ያየሁት።

አቶማይዘሩ አይታይም። መዳፉ ውጦታል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ አፉ ሥር ቀለበት ሠርተው ይዘውታል፣ የቀሩት ጣቶች ገላውን ዙሪያውን ጠምጥመውታል። ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው የሚታየው የተጨበጠ እጅ ብቻ ነው። ሲስበው ድምፁ ተሰማኝ፣ ጭማቂ ሊያልቅ ሲል ስትሮ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ።

እሳቱ ወደ መዳፍ፣ የእጁ ጀርባ ወደ ሰው። ሲጋራ ደብቆ የሚያጨስ ሰው አያያዝ ነው ይሄ። ነፋስ እንዳያጠፋው፣ ልጅ እንዳያየው፣ የሚያልፍ ሽማግሌ እንዳያየው። አባቴ ሕይወቱን በሙሉ ሲጋራ የያዘው እንዲህ ነው፤ እጁ ሌላ አያያዝ አያውቅም። ሲጋራ እንዲህ ሲያዝ አይከፋውም፣ አየር የሚገባው ከጫፉ ነውና። የዚህ ዕቃ የአየር ቀዳዳዎች ግን ጎኑ ላይ ናቸው፣ ልክ ጣቶቹ የጠመጠሙበት ቦታ ላይ። ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ሲስብ አየር የሚገባበት የለም። አየር ከሌለ ደግሞ የመሳቡ ኃይል የሚያመጣው ፈሳሹን ነው። ፈሳሹ ጥጡን አልፎ ወለሉን ያጥለቀልቃል፣ ከዚያ ግማሹ ወደ አፉ፣ ግማሹ በቀዳዳዎቹ ወደ ኪሱ። ጎሚኒው ምንም አላደረገም፣ ጥጡም ምንም አላደረገም። ክሎንነቱም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነው።

ከእጁ ተቀበልኩት። አፍ ውስጥ በሚገባበት በኩል ሶፍት ጠቅልዬ ያጥለቀለቀውን አራገፍኩ፣ አደረቅኩ። መልሼ ሰጠሁትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ወደ ታች፣ ባትሪው ላይ ብቻ እንዲይዘው አደረግኩት። እምቢ የሚሉ ጣቶች ነበሩ፤ ስለቃቸው ተመልሰው ወደ ላይ ይወጣሉ። ደግሜ አወረድኳቸው።

«አሁን ሳብ። ቀስ ብለህ።»

ሳበ። የሚያንቦጫርቅ ነገር የለም። ትንሽ ቆይቶ ከአፉ ነጭ እንፋሎት ወጣ። ከአባቴ አፍ ሲወጣ ያየሁት የመጀመሪያው ጢስ ነው፣ ጢስ ባይሆንም። እሱ መስኮቱን በጥድፊያ ዝቅ አድርጎ በእጁ ገፋው፣ ወደ እኔ እንዳይመጣ። ከዚያ ዕቃውን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚያደርገው?»

«እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ደግሞ ሳበ። አላሳለውም። ያኔ ነው እንባ ከንዴት ጋር የመጣብኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ አፉ ውስጥ እየገባ፣ ከንፈሩን እያቃጠለው፣ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ደኅና ነው፣ ደኅና ነው እያልክ ለምን አስቀጠልከኝ።

«ያን ያህል ደክመሽ የሠራሽውን፣ መጥፎ ነው ልበልሽ?»

በይሉኝታ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ላይ ተናድጄ አላውቅም። ቀጂዎቹ ሌቦች ናቸው፣ ሻጩ ትዕቢተኛ ነው፣ እነሱን መስደብ ይቻላል። ይሉኝታን ግን ምን ብላችሁ ትሰድቡታላችሁ? አባቴ የልጁን ልብ ላለመስበር ሲጋራውን ሊለኩስ ነበር። ልጁ ደግሞ የአባቷን ክብር ላለመንካት እንዴት እንደሚስብ ሳታየው ቀረች። በመካከላችን ሳንባው ነበር።

ስልኩ ጮኸ፣ ተራው ደረሰ። ወርጄ በሩን ስዘጋ ጋሼ መጡ። አባቴ በመስኮቱ ሲጋራዋን ዘርግቶ መለሰላቸው። ጋሼ ተቀበሉት፣ እኔን አዩኝ። ነገሩን አስረዳኋቸው፣ ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ በጣቴ እያሳየሁ። ዋናው አቶማይዘርም ቀዳዳው እዚያው ነው፣ ቀጂዎቹ አንድ ፀጉር አላሳቱም፤ አባቴ ዋናውን ቢይዝም እንዲሁ ያጥለቀልቀው ነበር አልኳቸው።

«እሺ» አሉ ጋሼ፣ ሁሉን ሰምተው። «ግን ፎርጅድ ነው።»

ፎርጅድ ነው፣ አዎ። ፎርጅድ አይደለም አላልኩም። ያ ማህተም ስርቆት ነው፣ ያ ቁጥር ውሸት ነው። ያ ለስላሳ ብሎን አናቱ ከጊዜ በኋላ ተልጦ ሌላ ብሎን ፍለጋ አንከራቶኛል። ገንዘብ ያለው ሰው ከዋናው ሠሪ ቢገዛ ሠሪው ለልፋቱ ይገባዋል። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ግን ውሸታም ዕቃ መሆኑ ያልሠራውን ጥፋት ሁሉ እንዲሸከም አያደርገውም። ክፍሌ ውስጥ ረባሽ የሚባል ልጅ አለ፤ መስኮት በተሰበረ ቁጥር ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚዞረው። አንዳንዴ እሱ ነው የሰበረው። አንዳንዴ ደግሞ ያን ቀን ከነጭራሹ አልመጣም።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጋራ አልለኮሰም። የፈሳሹን ጉልበት አንዴ ቀንሰናል፣ ሌላ ቅነሳ ይቀረናል። ሲደክመው ወይም ሰው ሲያልፍ ጣቶቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እኔ ካለሁ አያለሁ፣ ምንም ሳልል ሁለት ጣቴን ወደ ታች አሳየዋለሁ፣ ያወርዳቸዋል። በፊቴ መሳቡን ገና አልለመደውም፤ ይዞር ነበር፣ አሁን ግማሽ ይዞራል። ጋሼ እስካሁን «ያቺ ፎርጅድሽ እንዴት ናት?» ይሉኛል። ሳስረዳቸው ክላስ አትጀምሪ ይላሉ።

ስለዚህ ክላሱን ለእናንተ ልስጥ፣ አጭር ነው። ጭማቂ ያለበት ብርጭቆና አንድ ስትሮ አምጡ። ከጭማቂው በላይ፣ ስትሮው ጎን ላይ፣ በመርፌ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ብሱና ሳቡ፤ የሚመጣላችሁ አብዛኛው አየር ነው። አሁን ቀዳዳዋን በጣታችሁ ድፈኑና በዚያው ጉልበት ሳቡ። አፋችሁ ውስጥ ምን እንደሞላ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ስትሮው በሁለቱም ጊዜ ያው ስትሮ ነው። እባካችሁ ዛሬ ሞክሩት፣ ከዚያ «ፎርጅድ ነው» ብሎ የሚዘጋችሁ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ብርጭቆውን አቅርቡለትና እናንተ እያያችሁት እሱም ይሞክረው።